ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ክፍት ነው

ጥር 14

ለውድ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኔ ካንቺ ናፍቆትና ከክሊኒኩ የስልክ ጩኸት በስተቀር ደህና ነኝ። አባዬም ደህና ነው፤ እንደልማዱ ቴሌቪዥኑን ይመክራል።

ደብዳቤሽን ያመጣልኝ የአውቶቡሱ ሹፌር አንብቤ እስክጨርስ ቆሞ ጠበቀኝ። «ምን ብላ ነው እንዲህ የሚያስቅሽ?» አለ። «በቁሜ የገደለኝ ማን ነው? ብላ ነው» አልኩት። እሱም ሳቀ። ክሊኒክ ገብቼ ነገሩን በስልኬ ካርታ ላይ ሳጣራው ግን ሳቄ ጠፋ። ከተማሽ ላይ «የስፌት መኪና ጥገና» ብዬ ፈለግሁ። አለሽ። ግን ያለሽው መንገዱ ሲሰፋ የፈረሰው የድሮ ቦታሽ ላይ ነው። ከስምሽ ሥር በቀይ «ለዘለቄታው ተዘግቷል» ይላል። ፎቶው የተቆለፈ በርና ደጃፉ ላይ የተኛ ውሻ ነው። ሥራሽ ደግሞ ምን ተብሎ ቢመዘገብ ጥሩ ነው? ልብስ ሰፊ! ሱሪ ይዘው የሚመጡብሽ ሰዎች አልተሳሳቱም ማለት ነው። ያቺ ቦርሳ ሰፊ ደንበኛሽም ገበያ ላይ ስታይሽ በድንጋጤ መጮኋ አይገርምም፤ ተዘጋ ሲባል አንቺም አብረሽ የተዘጋሽ መስሏት ነው።

ስለዚህ ደንበኛ የጠፋው እጅሽ ስለተጠላ አይደለም። ይህን መስመር ደግመሽ አንብቢው! ሰዉ እየፈለገሽ ነው፤ ካርታው ግን የለችም እያለ ይመልሰዋል።

ለአባዬ የገባሽውን ቃል አውቃለሁ። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ሱቁ ካላንሰራራ ዕቃሽን ሸጠሽ እኛ ጋ ትገቢያለሽ። አብረሽኝ ብትኖሪ ደስታዬ ነው፤ ግን ያለ ካቻቢቴ ላስብሽ አልችልም። ባዶ እጅሽን ሶፋ ላይ ተቀምጠሽ የማይጮኸውን በራችንን ዘይት ስትቀቢ ይታየኛል።

በስልክ አላስረዳሽም። ግራ ጆሮሽን ሞተር በልቶታል፤ ቀኙ ደግሞ ጮክ ስል ይቆጣኛል። እንዳልሽው በወረቀት ይሁን፣ የሥራ ጠረጴዛሽ ላይ ዘርግተሽ የምታነቢው። አትፍሪ፣ የክሊኒካችንን ገጽ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ ጥርሱን ያመመው ሰው አሁን የጎረቤታችንን ፀጉር ቤት ማንኳኳት ትቷል። በቀን ብርሃን የተነሣ የክፍት በር ፎቶ ላኪልኝ። የሱቁን ስም ማን ልበል? መቼ እንደምትከፍቺና እንደምትዘጊም ጻፊልኝ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰዎች መኪናቸውን ተሸክመው ሲገቡ ምን እንደሚሉ፣ ቃል በቃል።

የወንድምሽ ልጅ

———

ጥር 23

ለጥርሶች እመቤት፣

እኔ ከጉልበቴና አልፈታ ካለኝ አንድ የዛገ ብሎን በስተቀር ደህና ነኝ። እጄ ዘይት ስለሆነ ወረቀቱ ቢጨማለቅ ይቅር በይኝ።

ሰዎች ምን ብለው ይገባሉ ላልሽው፣ «የጥገና አገልግሎት ፈልጌ ነው» ብሎ የገባ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። «ክር እየበጠሰ አስቸገረኝ» ይላሉ። «ስፌት ይዘላል።» «መርፌ ጨረሰብኝ።» «ቺንጋው ያንሸራትታል።» ደግሞ «የእናቴ ነው፣ ተጥሎ የከረመ ነው፣ ይድናል?» የሚሉ አሉ። ይህቺን የሚሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፣ በሽተኛ እንዳስተኛ ሰው። እኔም «እስቲ አፉን ልየው» እላለሁ። አንቺ ከሐኪም ጋር ስለምትውዪ ይገባሻል።

ስሙን ማን ልበል ላልሽው፣ አገር የሚያውቀኝ እትዬ ብሎን ብሎ ነው። «እትዬ ብሎን የስፌት መኪና ጥገና» ብለሽ ጻፊ፤ ሰሌዳውንም እንደዚያው አድርጌ ቀብቼዋለሁ። ሰዓቱን «ሁልጊዜ ክፍት ነው» በይው። ማን መጣብኝ ብዬ ነው የምዘጋው?

ሌላውን ለማንም አትንገሪ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ በየቀኑ «ዛሬስ ማን መጣ?» ትለኛለች፤ «እየመጡ ነው» እላታለሁ። ወንድምጋሼ ሲደውልም «እየመጡ ነው» እለዋለሁ። ጠረጴዛዬ ግን ባዶ ነው። ባዶነቱን ላለማየት የራሴን መኪና እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ፣ ደግሜ እፈታለሁ። ይሄ መኪና እንደ ሰው አፍ ቢኖረው ኖሮ «ምን አደረግኩሽ?» ይለኝ ነበር።

ወንድምጋሼ ክፉ አይደለም። ብቻዬን ወድቄ እንዳልገኝ ነው የሚፈራው። ቤታችሁም ቤቴ ነው። ግን እኔ እንግዳ መሆን አልችልበትም፤ አንድ ሳምንት ካለፈኝ የሰው ቁም ሣጥን መፍታት እጀምራለሁ።

ሹፌሩ በቃል ያደረሰልኝን መልእክት ሰምቻለሁ። ሱቁ የራሴ መሆኑን ካርታው እንዲያምን ከዋናው መንገድ ጀምሬ ሳላቋርጥ እየሄድኩ ልቀርጽ፣ ሰሌዳውን ላሳይ፣ በሩን በራሴ ቁልፍ ልክፈት። ይሄ ምን ይከብዳል? መንገድ መሄድ ነው እኮ። ነገ እቀርጸዋለሁ።

አክስትሽ

———

የካቲት 6

አክስቴ፣ አክስቴ፣ አክስቴ!

ሰላምታውን ዛሬ ልዝለለው፤ ላንድ ዓመት የሚበቃኝን ሰላምታ ቪዲዮሽ ላይ ሰምቻለሁ።

ካርታው «አልቀበልም» ብሏል። እኔም ካርታ ብሆን አልቀበልም ነበር። አጀማመርሽ ግሩም ነበር፤ መንገዱ ይታያል፣ የዳቦ ቤቱ ጥግ ይታያል። ከዚያ አንድ ሰው መጣ፣ አንቺም ስልኩን ዝቅ አደረግሽው። ከዚያ በኋላ ያየሁት ጫማ ብቻ ነው! ዱቄት የነካው ነጠላ ጫማ አየሁ። የቆርቆሮ ሠራተኛውን ጫፉ የተቀደደ ቦት አየሁ። የአንዲት ሴትዮ ጫማ በጣም አምሮኛል፤ ከየት እንደገዛችው ጠይቂልኝ። ድምፅሽ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። «እንዴት አደራችሁ? ልጆቹስ? ያ ሳልህ ተወህ?» ሰውየው ደግሞ ያ ሳል ከየት እንደጀመረ ሁሉ አብራራ! በሩ ጋ ስትደርሺ ባትሪሽ አለቀ።

በሹፌሩ የጠየቅሽኝ ጥያቄ አሳዝኖኛል። አዎ፣ ሰው ሲያናግርሽ ስልክ ፊቱ ላይ መደገን ነውር ነው፤ እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት። ካርታው ግን ነውር አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው መንገድና በር ነው። ስለዚህ እባክሽ፣ በሞቴ፣ ለአንዲት ጉዞ ብቻ ማንንም ሰላም አትበይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አንቺ ደግሞ ሳትቸኩይ ነው ያፈሰስሽው።

መግለጫሽን ግን ጽፌዋለሁ። «ክር ለሚበጥስ፣ ስፌት ለሚዘል፣ መርፌ ለሚሰብር፣ ቺንጋው ለሚያንሸራትት የስፌት መኪና። ተጥሎ የከረመም ይታያል። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር።» የመጨረሻዋን ስጽፍ አንቺን አስቤ እንባዬ መጣ። ጥርስ ሊያሳይ ተራ የሚጠብቅ ሰውዬ የኔን ጥርስ ያመመኝ መስሎት አጽናናኝ።

የወንድምሽ ልጅ፣ ጫማ ወዳዷ

———

የካቲት 15

ለጫማ ወዳዷ፣

ተቀርጿል! ይሄኛው ካልተቀበለ ካርታው ራሱ ይጠገን።

«ሰላም አትበይ» ያልሽውን ለዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሳነብላት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ታዲያ ሰዉ ተጣልታን ነው አይልም?» አለች። ከዚያ መላ መጣላት። ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ለመጣ ሁሉ «ዛሬ እትዬ ብሎን ሥራ ላይ ናት፣ ስታልፍ እንዳታዩዋት፣ እንዳታናግሯት» ብላ አወጀች። ስልኬን ከፍ አድርጌ መንገዱን ስጀምር ምን እንዳየሁ ታውቂያለሽ? መንደሩ በሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል! የቆርቆሮ ሠራተኛው ግንቡን እንደሚመረምር ሰው ጣቱን እያስኬደ ቆሟል። ሁለት ሴቶች አንድ መስኮት ውስጥ ጭንቅላታቸውን ከተው ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እኔ ከንፈሬን ነክሼ አለፍኩ።

አንዱ ብቻ አዋጁን አልሰማም፤ የማተሚያ ቤቱ ዘበኛ። «እትዬ፣ እንደምን አደሩ?» አለኝ። አለፍኩት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ቁልፉን በሩ ውስጥ ከትቼ፣ ከፍቼ፣ ጠረጴዛውንና መፍቻዎቹን አሳይቼ ቪዲዮውን እንደዘጋሁ ሮጥኩ። ጉልበቴን አትጠይቂኝ፣ ሮጥኩ! መጀመሪያ ዘበኛውን፣ ከዚያ ከመንገዱ መጨረሻ ጀምሬ አንድ በአንድ ሁሉንም ሰላም እያልኩ ይቅርታ ጠየቅሁ። ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም ብልሽ አትቆጪኝ፤ የሚሠራም አልነበረ።

ሌላ የምሥራች። ኮከብ የሌለው ሱቅ ካርታው ላይ ወደ ታች ይሰምጣል ብለሽ በሹፌሩ ስለላክሽብኝ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ መልእክት ልኬያለሁ። በያላችሁበት ኮከብ ስጡኝ፣ አንድም ሰው እንዳይቀር ብያለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አየሽ፣ እኔም እየገባኝ ነው!

አክስትሽ፣ ሯጯ

———

መጋቢት 2

አክስቴ ሆይ፣

ገባሽ! ተቀበለሽ! «ተዘግቷል» የሚለው ቀይ ጽሑፍ ጠፍቷል! ክሊኒኩ ውስጥ ጮኼ ሐኪሟ መርፌ እንደያዘች ብቅ አለች። «የአክስቴ በር ተከፈተ» አልኳት። ምን እንደሆነ ሳታውቅ አጨበጨበችልኝ። አሁን ሰማያዊው በር ይታያል፣ አንቺም ካቻቢቴሽን ጆሮሽ ላይ እንደሰካሽ ከበሩ አጠገብ ቆመሽ ትታያለሽ። ውሻው ተሰናብቷል።

አሁን ወደ ሎሚዎችሽ ልምጣ። ዘመዶቻችን በሙሉ በአንድ ምሽት ተነሥተው አምስት አምስት ኮከብ ሰጡሽ። ምን ብለው መሰለሽ የጻፉት? «እናታችን ማለት ናት።» «በልጅነቴ ፀጉሬን የምታበጥርልኝ እሷ ነበረች።» «ካንቺ በፊት ያርገኝ።» አጎቴ ደግሞ «ከእህቶቼ ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት» ብሎ ጽፎ ሁለቱ እህቶቹ እስካሁን አኩርፈውታል። ስለ ስፌት መኪና አንድ ሰው እንኳ አንዲት ቃል አልተነፈሰም! ካርታው ያንን ሁሉ በአንድ ቀን አጠፋው። ዳግመኛ ብናደርገው ሱቁንም ሊያነሣው ይችላል። ስለዚህ ዘመድ ይቅር፣ በሩን የረገጠ ደንበኛ ይጻፍ፤ ምን ተበላሽቶበት እንደመጣና አሁን እንዴት እንደሆነ። እንደመጣልሽም መልስ ስጪ።

በሹፌሩ ደግመሽ የጠየቅሽኝን፣ ያን «ተዘግቷል» የሚለውን ማን እንደነገረው፣ ካርታው ስም አይናገርም።

ቀኑ እየሄደ ነው። አባዬ የቀን መቁጠሪያውን ከጓዳ አምጥቶ ሳሎን ሰቅሎታል፤ ዓይኔ ካንዴም ሁለቴ እዚያ ላይ ይሄዳል። አይዞሽ።

የወንድምሽ ልጅ

———

መጋቢት 20

ለዓይኔ ብርሃን፣

መጡ! ቁጭ ብዬ መጻፍ አቃተኝ፣ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ።

የመጀመሪያዋ መጋረጃ ሰፊ ናት። ስልኳን እንደ ፋኖስ ከፊቷ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «እትዬ ብሎን የሚባሉት እርስዎ ነዎት? ክር ለሚበጥስ የሚል አይቼ ነው» አለች። ልጄ፣ ልቤ እንደ አዲስ ቺንጋ ውጥር አለ! መኪናዋን ስፈታው የታችኛው ማጠንጠኛ ላይ የክር ብናኝ እንደ ትራስ ተጠቅጥቋል። ጠርጌ፣ አስተካክዬ፣ እፊቷ ሰፋሁበት። እዚሁ ቆማ ጻፈችልኝ። ከዚያ ቦርሳ ሰፊዋ መጣች፣ ያቺ ገበያ ላይ የጮኸችው፤ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ የደንብ ልብስ የሚሰፋ ቤት ያለው ሰውዬ፣ ከዚያ ሌሎችም። «የእናቴ ነው» ያለ አንድ ጎረምሳም መጣ። መኪናው ድኗል፤ ሲዞር ድምፁን ሰምቶ ፊቱን ወደ በሩ አዞረብኝ፣ እኔም ዘይት የምፈልግ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ለደንበኞች የምትጽፊው መልስ ረዘመ ብለሽ በሹፌሩ ለላክሽብኝ ወቀሳ፣ እኔ ሰው ሰላም ሳልል መጻፍ አልችልም። አንዱ ሁለት ኮከብ ብቻ ሰጥቶኝ ነበር። ጎህ ሲቀድ መጥቶ በሩ ዝግ ሆኖበት። «ሁልጊዜ ክፍት ነው» ብለን የለ? እንዲህ ብዬ መለስኩለት። «ጤና ይስጥልኝ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጥፋቱ የኔ ነው። ሁልጊዜ ያልኩት እንግዳ ናፍቆኝ ነው እንጂ ሌሊትስ እተኛለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሰዓቱን በትክክል አስቀምጫለሁ። በዚያ ብርድ ያን የሚያህል መኪና ተሸክመህ መመለስህ ጸጸተኝ፤ ወገብህን አላመመህም? ተመለስ፣ አንተን አስቀድማለሁ።» ተመለሰ! ወገቡም ደህና ነው። ኮከቡንም አስተካከለው። አሁን የሚመጡት ሁሉ ያንን መልስ አንብበው እንደሆነ ይነግሩኛል።

ጠረጴዛዬ ሞልቷል። ወንድምጋሼን «እየመጡ ነው» ስለው ግን እንዳላመነኝ ድምፁ ያስታውቃል። አይፈረድበትም፣ ክረምት ከበጋ የምለው እሷኑ ነው።

አንድ ነገር። «ካርታው ስም አይናገርም» አልሽኝ። እሺ፣ ካርታው አይናገርም። አንቺስ? ስለ ሰው ጫማ ግማሽ ገጽ የምትጽፍ ልጅ እዚያች ላይ ስትደርስ አንድ መስመር ብቻ?

አክስትሽ

———

ሚያዝያ 12

ለውድ አክስቴ፣

እንደምን ነሽ? ይህን ደብዳቤ ሦስቴ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ስለ ደንበኞችሽ ስሰማ የተሰማኝን ደስታ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ፤ ዛሬ የጠየቅሽኝን ልመልስ።

አባዬ ነው።

ክፋት አልነበረበትም። ባለፈው ዓመት ለሥራ ወደ ከተማሽ ሲመጣ በድሮው መንገድ አለፈ፤ ሰፈሩ ሜዳ ሆኗል። ስልኩ «ይህ ቦታ ክፍት ነው?» ብሎ ጠየቀው። አባዬን ታውቂው የለ፣ ተጠይቆ ዝም አይልም፣ ሐሰትም አይናገርም። «አይደለም፣ ተዘግቷል» ብሎ መለሰ። ካርታውም «ስለ እርዳታዎ እናመሰግናለን» አለው። ማታ እራት ላይ በኩራት አሳየን። «ካርታው አመሰገነኝ!» እያለ። እኔም ያኔ ልብ አላልኩትም። በጥር ደብዳቤሽ ሲመጣ ነው ሁለቱ ነገሮች የተገጣጠሙልኝ።

ያስደበቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ነገርኩት። ደነገጠ፣ ቆይቶ ግን «እንዲያውም ይሻላል። ይቅር፣ አትንኪው። ትምጣልኝ» አለ። ተጣላን። አባቴን ላንቺ ማሳጣት አልፈለግሁም፣ አንቺንም መዋሸት አልፈለግሁም፤ ስለዚህ ስለ ጫማ ጻፍኩልሽ። ይቅር በይኝ። እሱንም።

ሌላም አለ። የጭነት መኪና ተከራይቷል። በወሩ መጨረሻ ላይ ይዞ ይመጣል። ደንበኛ አላት ብለው «ታላግጥብኛለች፣ አውቃታለሁ» ይላል። አዲሱን ሱቅ አይቶት አያውቅም። የት እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ካርታው ያውቃል» አልኩት።

የወንድምሽ ልጅ

———

ግንቦት 3

ለወንድሜ ልጅ፣ ለሱቄ በር ከፋች፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ፣ ብታምኚም ባታምኚም፣ ከጉልበቴ ጭምር ደህና ነኝ።

ይቅርታሽን ተቀብያለሁ፤ ግን ሳልቀየም ነው። ካርታው ስም አይናገርም ስትዪኝ ነው ማን እንደሆነ ያወቅሁት። አንቺ ዝም የምትዪው ላባትሽ ስትዪ ብቻ ነው፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ። ከአፍሽ ልስማው ብዬ ነው የጠየቅሁሽ።

መጣ። ስልኩን ከፊቱ አድርጎ፣ ያቺ ውስጡ ያለችው ሴትዮ «መድረሻዎ ላይ ደርሰዋል» ስትለው ከሰማያዊው በር ደፍ ላይ ቆሞ ነበር። የጭነት መኪናው ከመንገዱ አፍ ላይ ቆሟል። እኔ የአንዱን የስፌት መኪና ሆድ ከፍቼ በሁለት እጄ ሞላ ይዣለሁ፤ ብለቀው ከጣሪያው ይሰካል። መነሣት አልቻልኩም። «ወንድምጋሼ፣ እንኳን ደህና መጣህ፣ ተራህን ጠብቅ» አልኩት። አግዳሚው ላይ ሰው ነበር፤ ጠጋ አሉለትና ተቀመጠ።

ተራውን ሲጠብቅ ሰዎቹን አንድ በአንድ ጠየቃቸው፤ ታውቂው የለ። «እርስዎን ማን አመጣዎት?» ይላል። ካርታው ይሉታል። «እርስዎንስ?» ካርታው። እኔ ቀና አላልኩም። ቀና ብል እስቃለሁ ወይም አለቅሳለሁ፣ ሞላው ደግሞ በእጄ ነው። መጨረሻ ላይ እሱና እኔ ብቻ ስንቀር ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ተዘግቷል ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «አውቃለሁ» አልኩት። «ፈርሶ አይቼ ነው።» «አውቃለሁ።» «ከዚያ ሳውቅም ዝም ያልኩት...» አለና ተወው። «እሱንም አውቃለሁ፣ ወንድምጋሼ» አልኩት። ቤቱ ጸጥ ብሎበታል፤ አንቺም ጠዋት ወጥተሽ ማታ ነው የምትመጪው። ሰው እፈልጋለሁ ማለት ከብዶት መኪና ተከራየ። በበዓላት ቀን ሳይሆን በሥራ ቀን እየመጣ አግዳሚዬ ላይ እንዲቀመጥ ነገርኩት። ደንበኛ ማነጋገር ከኔ ይበልጣል።

የጭነት መኪናው ባዶውን አልተመለሰም። የደንብ ልብስ ሰፊው ሰውዬ የታደሱ መኪናዎቹን በምን ልውሰድ ሲል ነበር፤ ወንድምጋሼ «ጫን!» አለው። አብሮት ጋቢና ገብቶ ሲሄድ በመስኮት እጁን ያውለበልብ ነበር።

ያስለቀሰኝ ግን የማግስቱ ነው። ካርታው «ይህ ቦታ ክፍት ነው?» ብሎ ጠይቆት ኖሯል። ደውሎ እየጮኸ፣ በግራ ጆሮዬ እንኳ ሰማሁት፣ «አዎ አልኩት! እንደገና አመሰገነኝ!» አለኝ። ከዚያ ከፍቼ አየሁ፤ እሱም ጽፏል። «ክፍት ነው። ራሴ ገብቼ አይቻለሁ። እህቴ ናት፤ ይህን የምለው ግን እህቴ ስለሆነች አይደለም። አንዱን ኮከብ ያስቀረሁት ተራ ስላስያዘችኝ ነው።»

እኔም መለስኩለት። «ጤና ይስጥልኝ ወንድምጋሼ፣ እንደምን ገባህ? በሩ ክፍት ነው። ሁለተኛ ግን ባዶ መኪና ይዘህ እንዳትመጣብኝ።»

የዘመድ ኮከብ አይበረክትም ብለሻል፤ ይሄንንም ሊያጠፋው ይችላል። ያጥፋው። እኔ አንብቤዋለሁ።

አክስትሽ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ